ክፍሉ የተነፈሰው ጋዝ

መጀመሪያ የተሰማው የማራገቢያው ጉርምርምታ ነበር። ኢንስፔክተር ሞሲሳ ድምፁን እየተከተለ ከጉቴ ከተማ በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣ፤ የልኬት ጣቢያውን በር ሲገፋ ባለሙያው ጋሮማ ከመሣሪያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ቁስል የለበትም። የናይትሮጅኑ ቧንቧ ግን ተከፍቷል።

ጣቢያው ሩቅ አገር የተደረገ የኑክሌር ሙከራ የሚለቀውን ዜኖን የተባለ ጋዝ ከአየር ላይ ይለካል። መሣሪያውን የሚያቀዘቅዘው ናይትሮጅን ሽታ የለውም፤ ማራገቢያ የቆመበትን ክፍል ከሞላ፣ የገባው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለ ኃላፊው ጫንያለው። «ስደርስ ማራገቢያው ቆሟል። አስነሥቼው ፖሊስ ጠራሁ። ሌሊቱን ያደረው ይስማው ነው፤ ሲበርደው ያጠፋዋል።»

ሽማግሌው ዘበኛ ካቴና ገብቶለት ጥግ ቆሟል። ጥፋቱ ከጸናበት ቀሪ ዕድሜው እስር ቤት ነው።

«ኦቦ ይስማው፣ አጥፍተውታል?»

«ብርዱንማ ጋቢዬ ይችለዋል፣ ልጄ። ሲነጋ አቶ ጫንያለው መጥተው ናፍጣ አምጣ ብለው ጉቴ ላኩኝ። ስወጣ ማራገቢያው ይጮህ ነበር። ስመለስ ይኸው ካቴና።»

ሞሲሳ ከነቀምቴ ገና የደረሰችውን ባለሙያ፣ ዱረቲን፣ ወደ ውጭ ጠራት።

«ጋሮማ ጠላት ነበረው?»

«ጠላት? ጋሮማ? ዶሮ እንኳ እሽ አይልም። ብቻ ልኬታችንን አላምንም ይል ነበር። ሬዶን የሚሉት የአፈር ጋዝ ከወለሉ እየወጣ ናሙናው ውስጥ ይገባል፣ ዜኖን ይመስለናል ብሎ ለክፍሉ አየር ብቻ ሌላ ቆጣሪ ተከለ። በዜኖኑ ልኬት የተሸለመው ጫንያለው "መጫወቻህ" እያለ ይስቅበታል፤ ቀርቦም አያየውም።»

ሞሲሳ ቆጣሪውን አስከፍቶ አየ፤ ስልክ ደወለ፤ ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ማራገቢያው ሲቆም ሬዶን ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌሊቱን ጠፍቶ ቢያድር ቆጣሪው ያሰመረው ይህ መስመር ተራራ በሆነ ነበር። እዩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ነው። ሽቅብ የጀመረው ይስማው ጉቴ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ናፍጣ ሻጩን ጠይቄዋለሁ። ዱረቲ መንገድ ላይ ነበረች። ማን ቀረ?»

«በመጫወቻ ነው ሰው የምትከሰው?» አለ ጫንያለው።

«ስደርስ ቆሟል አሉ። ይስማውን የላኩት ግን እርስዎ ነዎት፤ ያኔ ማራገቢያው ይሠራ ነበር። የተሸለሙበት ዜኖን የዚሁ ወለል ሬዶን መሆኑን ጋሮማ ሊያሳውቅ ነበር። ማራገቢያውን አጠፉ፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ማልዶ የሚገባውን ሰው ጠበቁ። ሲወድቅ ማራገቢያውን መልሰው አስነሡ።»

ጫንያለው መስመሩን አየ። ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ እሱ ተዛወረ።

«አባ ይስማው» አለች ዱረቲ፣ «ታስረው ሳይዎት ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። ማታ ለጥበቃው ይገባሉ አይደል?»

ይስማው የእጁን አንጓ አሻሸ። የዘበኛ ካፖርቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጣጠፈው፤ ወንበር ላይ አኖረው፤ ዞር ብሎም ሳያይ ቁልቁለቱን ወረደ።