ከአጥሩ ውጪ

«ዝም በይ!» አለች ማዕዶት።

«ምን አልኩ?» አለች ከይሪያ።

እውነቷን ነው፤ ምንም አላለችም። ግን ከይሪያ ዝም ያለችበት ቀን ስለማይታወቅ፣ ማዕዶት በልማድ ነው የተቆጣቻት።

ሁለቱም ባሕር ዛፉ መሀል ቆሙ። ከወሰን ሰፈር ሽቅብ ሲወጡ የታክሲው ጥሩምባ፣ የጋራዡ ብየዳ፣ የረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሁሉ ከኋላቸው ነበር። አሁን የለም። የሐምሌ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ውጦታል። ገና ከሰዓት ነው፤ ዛፎቹ ግን እስከ ወገባቸው ብቻ ነው የሚታዩት። ከዚያ በላይ ነጭ ነው።

«ሕፃን ሲያለቅስ አልሰማሽም?»

ከይሪያ ሻርፗን አጠበቀች። «ድመት ነው።»

«እዚህ ድመት ምን ይሠራል?»

«እኛስ ምን እንሠራለን? ባክሽ እንመለስ፣ ማዒ።»

ማዕዶት ግን መልስ ሳትይዝ ቤት መግባት አትችልም። ትንሿ እህቷ በቅርቡ ነው የሞተችው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያቺ ደግሞ እስከዚያ አልጠበቀችም። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራት፣ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ በዚያው ቀረች። ክርስትና ስላልተነሳች ፍትሐት አልተጸለየላትም። አባቷና ጎረቤቶች በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከደብሩ አጥር ውጪ ቀበሯት። የክርስትና ስም የላትም። ቤት ውስጥ «ሚጣ» ነበር የሚሏት።

እናቷ ሥርጉት ከዚያ ወዲህ እህል በደንብ አልቀመሰችም። ይባስ ብሎ፣ በየቀኑ ከሰዓት ከተኛችበት ብድግ ትልና «አለቀሰች» ትላለች። ያኔ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ይርሳል፤ ሕፃን ሲያለቅስ እንደሚሆነው ወተቱ ራሱን ይለቃል። ማዕዶት መስኮቱን ከፍታ ታዳምጣለች። ምንም የለም።

ዛሬ ጠዋት እናቷ እጇን ያዘቻት። «አባ ገብረ ክርስቶስን ጠይቂልኝ። ልጄ የት ናት? ብርሃን ውስጥ ናት ወይስ ጨለማ? ያሉሽን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ንገሪኝ። ከዚያ እበላለሁ።»

ሳትጨምሪ! ማዕዶት በሕይወቷ ሳትጨምር አውርታ አታውቅም።

ትንሽ እንደወጡ የደብሩ አጥር ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ከአጥሩ በዚህኛው በኩል ድንጋይ ተከምሯል፤ ትንሽዬ ክምር ነው። ማዕዶት የእህቷ መሰላትና ቀረበች። አጠገቡ ሌላ አለ። ከሱ ወዲያ ሌላ። ጉሙ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ክምሩ ይበዛል። አንዱም ላይ መስቀል የለም።

«ይሄ ሁሉ?» አለች ከይሪያ ቀስ ብላ። ከዚያ ዝም ማለት ስለማትችል፣ «እኛ ጋ እኮ ሕፃን ከሞተ ጀነት ነው። ኡስታዛችን ነግረውናል» አለች።

«በቃ? እንዲሁ?»

«እንዲሁ። ምን ተብሎ ይጠየቃል? ጡት ጠብተሃል ተብሎ?»

«ታዲያ እናንተ ጋ ላስመዝግባት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቆየት ብሎ ተመለሰ። ሲመለስ ግን የሁለት ሰው ሳቅ አይመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ደብሩ በር አልሳቁም።

የቤተሰቡ የነፍስ አባት አባ ገብረ ክርስቶስ በሩ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ።» መስቀሉን አሳለሟት።

ማዕዶት የእናቷን ጥያቄ ቃል በቃል ነገረቻቸው። አባ «ሥርዓቱ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ።

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ አባ። ሰንበት ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣሁት እኔ እኮ ነኝ።»

«እና ምንድነው የምትጠይቂኝ?»

«አሁን ይፍቱኝ ስልዎት ፈቱኝ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልጠየቁኝም። ትናንት ብቻ ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ! እሷ ምንም አላደረገችም። መናገር እንኳ አትችልም ነበር። እኔን በአንድ እጅዎ የፈቱኝ፣ እሷን ለምን አይፈቷትም?»

ከይሪያ ጃኬቷን ከኋላ ጎተተቻት።

አባ አልተቆጡም። ወደ ባሕር ዛፉ ዞሩ። ከጃንጥላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«የኔ እጅ እዚህ አጥር ድረስ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ የእግዚአብሔር እጅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ለእናትሽም እንደዚሁ በያት። ገብረ ክርስቶስ አላውቅም አለ በያት።» ድምፃቸው ቀነሰ። «ስንቱን እዚህ አስቀበርን... አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሲመለሱ ከይሪያ ተነፈሰች። «አላውቅም ደግሞ ምን ዓይነት መልስ ነው? ገነት ናት አሉ በያትና ትብላ። ማን ያጣራል?»

ማዕዶት ልትስማማ አፏን ስትከፍት ልቅሶው መጣ።

ቅርብ ነው። ከድንጋዮቹ መሀል ነው። ድመት አይደለም። ከይሪያ ክንዷ ላይ ተጣበቀች። ልቅሶው ከፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ እንደገና ከፍ አለ። ከዚያ፦

«እሽ...»

ለስለስ ያለ፣ ረጅም ድምፅ። «እሽ... እሽ...» ሰው ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያወጣው ዓይነት። ልቅሶው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ሕፃን ሊተኛ ሲል እንደሚያደርገው አንዴ ተንሰቀሰቀና ጸጥ አለ።

«ንፋስ ነው» አለች ከይሪያ በሹክሹክታ። «ወላሂ ቅጠሉ ነው።»

ማዕዶት ቀና አለች። አንድም ቅጠል አይነቃነቅም።

ሮጡ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሌ «እግሬን አሞኛል» የምትለዋ ከይሪያ ቀድማ ነው አስፋልት የደረሰችው።

ሥርጉት አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ምሳዋ እንደተከደነ አጠገቧ አለ። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ገና አልደረቀም።

«ምን አሉ?»

ውሸቱ ማዕዶት ምላስ ጫፍ ላይ ነው። ቆንጆ ውሸት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከዚያ እናቷ ትበላለች። ሰውም አይጎዳም።

«አላውቅም አሉ።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ሳትጨምሪ?»

«ሳልጨምር።» አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ቅድም አለቀሰች አይደል?»

ዓይኖቿ ተከፈቱ። «ሰማሻት?»

«ሰማኋት። ከይሪያም ሰምታለች። ከዚያ ግን የሚያባብላት መጣ። እሽ እሽ ሲላት ተኛች።»

«ማነው?»

«ጉም ነበር። አላየሁትም።»

«ከደብሩ ውስጥ ነው ድምፁ የመጣው?»

«አይደለም። ከውጪ ነው። እሷው ጋ።»

ሥርጉት ወደ ግድግዳው ዞረች። «እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «የአራስነት ቀኔ አልሞላም።»

«ማን ግቢ አለሽ? እሷም አልገባችም።»

ማዕዶት ጎንበስ ብላ ከአልጋው ስር የእናቷን ጫማ አወጣች። ከወሊድ ወዲህ አልተነካም፤ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ እግሯ ፊት አስቀመጠችው።

እናቷ ጫማውን አየች። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ጎትታ ክዳኑን አነሳች።

«ዳገት ነው» አለች። «ሳልበላ አልወጣውም።»