የማክሰኞው ማመልከቻ

ባቡሩ ከካርታጅ ሲነሳ ሲ ቲጃኒ የበለስ ከረጢታቸውን ከሪም እግር አጠገብ አስቀመጡ።

«ከታች ነው። ተጠንቀቂ፣ እሾሁ ይወጋል።»

ሽማግሌው የአገር ውስጥ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ከበለሱ ሥር ያለችው ጥፍር የምታህል ካርድ የሠላሳ ዓመት ምስጢር ይዛለች። ሪም የሚለው ስም የውሸት ነው። ከአገር የመውጫ ፈቃድ የሚያስተናግደውን ሲስተም የምትጠግን ባለሙያ መስላ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። የስለላ አለቃዋ የምስጢር ስሙ «ሐኪሙ» ነው፣ የእሷ «መርፌ»።

«የማመልከቻውን መንገድ ዛሬ ጧት ቀይሬዋለሁ» አለች ዝቅ ብላ። «አዲስ ማመልከቻ በደህንነት ዴስክ አያልፍም። አሁኑኑ ያስገቡ።»

ሲ ቲጃኒ ሳቁ። «አይ ልጄ! በሐምሌ ቢሮው ስምንት ሰዓት ተዘግቶ ሁሉም ባሕር ይወርዳል። እኔ ማክሰኞ አስገብቼ ተገላግያለሁ።»

ማክሰኞ።

«ሐሙስን ይጠብቁ ብዬዎት አልነበር?»

«ሁለት ቀን ቢቀድም ምን ይጎዳል? ባለቤቴን ዱጃን እይልኝ፣ እስካሁን አላስገባችም። ሁሌ እንደዘገየች ነው!»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ሲ ቲጃኒ ግን መልቀሚያ ጊዜ አልነበራቸውም። ሲስተሙ ማመልከቻን የሚጨርሰው በገባበት ቀን ሕግ ነው። መንገዱ ቢቀየርም የተጀመረው በአሮጌው ይቀጥላል። የእሳቸው ቀጣይ ጣቢያ የደህንነት ዴስክ ነው።

«እኔ አዛውርልዎታለሁ» አለች። ሲ ቲጃኒ ከረጢቱን ትተውላት ጎሌት ወደብ ላይ ከባቡሩ ወረዱ።

ቢሮ ስትደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድን ማመልከቻ ወደ አዲሱ መንገድ ማዛወር የሁለት ሰው ፊርማ ይጠይቃል። ሁለተኛው ፈራሚ የሥራ ባልደረባዋ ዙሄር ነው። እሱም የሐኪሙ ሰው ነው።

«ፈርምልኝ።»

«አልችልም።»

«ሰውዬው ሊያዙ ነው!»

«ሐኪሙ ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቃል።» ዙሄር ዓይኗን ሸሸ። «ዛሬ በአዲሱ መንገድ ዘጠኝ ሰው ያልፋል። ዴስኩ ባዶውን ከዋለ ይጠረጥራሉ። አንድ ሰው ሊደርሳቸው ይገባል።»

«ቃል የገባሁላቸው እኔ ነኝ!»

«ካርዱ እጅሽ ገብቷል። ሥራው አልቋል፣ እህቴ።»

ብቻዋን ብትነካው ሲስተሙ ይጮሃል፤ ዘጠኙም ይያዛሉ። ለሲ ቲጃኒ እንዳትደውል፣ ስልካቸውን ባሕር ውስጥ እንዲጥሉ ያዘዘቻቸው ራሷ ናት። እጇን አጣምራ ስክሪኑን አየች። አቅመ ቢስነት አንገበገባት።

ስክሪኑ ላይ «ደህንነት ዴስክ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የቢሮው የእርዳታ መስመር ስልክ ጮኸ፤ ሪም አነሳችው።

«እህቴ፣ ዱጃ እባላለሁ፤ ከወደቡ ስልክ ነው የምደውለው። የእኔን ማመልከቻ ዛሬ አስገብቼ ፈቃዱ ወዲያው ወጣ። የባለቤቴ በማጣራት ላይ ይላል። ሁለት ሰዎች ለጥያቄ ብለው ወሰዱት። መርከቡ ሊነሳ ነው። ልሳፈር ወይስ ልጠብቀው?»



«ይሳፈሩ፣ ለላ ዱጃ።»

«እሱስ?»

«ይከተልዎታል።»

«ባልሽ ቢሆን ትሳፈሪ ነበር?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኞ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። እሷ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሥራ ጀመረች። ካርዱ ደርሷል፣ የዘጠኙም ፈቃድ ወጥቷል። ለላ ዱጃ ይሳፈሩ አይሳፈሩ ግን የነገራት የለም፤ መጠየቅም አይፈቀድላትም።