ጭልፊት የተባለው ተወዳዳሪ

መምህሩ የተገኘው ከውድድሩ አዳራሽ በስተጀርባ ባለው ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ሞቶ ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎች የፕሮግራሚንግና የሀኪንግ ውድድር ፍጻሜ ሊጀመር ሲል፣ ወንበር ሊያመጣ የወረደ ሠራተኛ አይቶት ጮኸ። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር፤ ደረጃው ተወልውሏል፣ እርጥብ ነው፣ ሰውየውን አንሸራትቶት ወድቋል፣ አለቀ።

ኢንስፔክተሩ ግን አጎንብሶ የመምህሩን ሸሚዝ ኪስ አየ። መነጽሩ ታጥፎ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው ተቀምጧል።

«የማይታየው የሩቁ ነው የቅርቡ?» ሲል ጠየቀ።

«የሩቁ» አለች የውድድሩ ሰብሳቢ፣ መሐረብ አፏ ላይ እንደያዘች። «ያለ መነጽር ሰው አይለይም። የሚያወልቀው ለማንበብ ብቻ ነው። ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያነብ ስንቴ ስቀንበታል።»

«ስልኩስ?»

ኪሶቹ ተፈተሹ፣ ቦርሳው ተገለበጠ። ስልክ የለም።

«እንግዲያው አለቀ አትበሉ» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ፖሊሶቹ ዞሮ። «ይህ ሰው ሲወድቅ ደረጃ እየወረደ አልነበረም። ቆሞ ከስልኩ ላይ የሆነ ነገር እያነበበ ነበር። ስልኩን ደግሞ ሌላ ሰው ወስዶታል።»

የፊት በሩ ጠባቂ እንደተናገረው፣ ከመምህሩ ሌላ በማለዳ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ፣ የውድድሩን ኔትወርክ የሚቆጣጠረው ባለሙያ፣ የባለሙያው ታናሽ ወንድም። ታናሽየው ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው፤ ከፍጥነቱ የተነሳ ጓደኞቹ «ማሽኑ» ይሉታል። የኋላው በር ግን ጠባቂ የለውም።

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ሰብሳቢዋን አስቀመጣት።

«መምህሩ ዛሬ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ጭልፊትን ሊያስተዋውቀን ነዋ! በኢንተርኔት በተካሄደው ማጣሪያ ሁሉንም የረታ ተወዳዳሪ ነው። የገባው በመምህሩ በኩል ስለሆነ በቅጽል ስሙ እንጂ ማንም አያውቀውም። እውነተኛ ስሙን ሰርቨሩ ላይ እንኳ አላሰፈርንም። እኔም የማየው ዛሬ ነበር።»

ቀጥሎ ማሽኑ ገባ።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችኋል?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ! ሰላም ከማለት ሌላ ምንም የለንም።»

«ጭልፊትስ?»

«እሱ ቀልቤን ገፎኛል። እኔ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እሱ መልሱን ይልካል። ዛሬ ፊቱን ለማየት ጓጉቼ ነበር።» ሊወጣ ተነስቶ «ኢንስፔክተር፣ ወንድም ጋሼን ቶሎ ይልቀቁት። እናትና አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። የሰው ሬሳ ማየት አይችልም» አለ።

ወንድም ጋሼ የተባለው ባለሙያ ግን ረጋ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

«ዛሬ ከመምህሩ ጋር ተገናኝታችኋል?»

«አልተገናኘንም። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድምፃቸውንም አልሰማሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ከሰርቨር ክፍል አልወጣሁም።»

«ስለ ጭልፊት ምን ይላሉ?»

«ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ግን ዓይን አውጣ ናት። እኛ እንድትሰብረው ያዘጋጀነውን ትታ ያልተፈቀደላትን በር ታንኳኳለች። ትናንት የራሳችንን ሰርቨር ስትነካካ አይቻለሁ። መምህሩ ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚያደርጓት እንጃ።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ነቀነቀና አመስግኖ ሸኘው።

በዚያው ሰዓት ፖሊሶቹ አንዲት ቀጭን ልጅ ክንዷን ይዘው አስገቡ። ኋላ በር ላይ ቆማ መምህሩ ስልክ ላይ ስትደውል ነው ያገኟት።

«ጭልፊት እኔ ነኝ» አለች። የመምህሩን መሞት ስትሰማ አላመነችም፤ ቁጥሩን እንደገና ደወለች።

የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት አልገባት ብሎ ልትባረር ስትል፣ መምህሩ የድሮ የውድድር ጥያቄ ፊቷ አስቀምጦ «ፈተና አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! በተሸነፈች ቁጥር ሌላው እንዴት እንደረታት ትመረምራለች፤ የምትማረው እንዲያ ነው።

«ትናንት ሰርቨሩን ነካክተሻል?»

«አዎ፣ አጥፍቻለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንድ ክፍተት አየሁና እጄ አላርፍ አለኝ። ስገባ ግን ጥያቄዎቹ ከውድድሩ ቀን በፊት ተከፍተው፣ ተቀድተው ሲወጡ የሚያሳይ አሻራ አገኘሁ። ያለፈው ዓመትም እንዲሁ። የተወሰዱት በአስተዳዳሪ መግቢያ፣ በሚስጥር ቃሉ ነው፤ ማን እንደተጠቀመበት አያሳይም። ፎቶውን ለመምህሬ ላክሁላቸው። ‹ለማንም አትናገሪ፤ ያደረገው ሰው ራሱ ወጥቶ እንዲናገር ዕድል እሰጠዋለሁ› አሉኝ።»

«መግቢያውን እነማን ያውቁታል?»

«መምህሬ እንዳሉኝ፣ ሰብሳቢዋና የኔትወርኩ ባለሙያ ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰባቸው። ኮምፒውተሮቹ በርተው፣ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

«ምን ይጠበቃል?» አለ ባለሙያው ልጅቷን እየጠቆመ። «ሰርቨር ሰብራለች፣ በኋላ በር ተይዛለች። መምህሩ ሊያጋልጧት ሲሉ ገፈተረቻቸው።»

«እሷ ብትሆን ኖሮ ስልኩ ላይ ደጋግማ ለምን ትደውላለች?»

«ለማስመሰል!»

«ይሁንልዎ። ከመነጽሩ እንጀምር። መምህሩ መነጽሩን ያወለቀው ስልኩ ላይ ያለውን ሊያነብ ነው። ስልኩ ላይ የነበረው ይህች ልጅ የላከችው ማስረጃ ነው። የላከችውን መልሶ ለእሷ አያነብላትም፤ የሚያነበው ለሌባው ነው። መግቢያውን የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሰብሳቢዋ ደረቷን ያዘች።

«ጠዋት ስለ ጭልፊት ጠየቅኋችሁ» ሲል ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ ቀጠለ። «እርስዎ ‹የረታ› አሉኝ። ይህ ልጅ ‹ፊቱን ለማየት ጓጉቼ ነበር› አለኝ። ሁለታችሁም ወንድ መስሏችኋል። ባለሙያው ግን ‹ጎበዝ ናት፣ ዓይን አውጣ ናት› አሉኝ። ያኔ ልጅቷ ገና አልመጣችም ነበር። ስሟ የትም አልሰፈረም። ሴት መሆኗን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነበር። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ያሉት እርስዎ፣ ከማን ሰሙ?»



«አፌ ላይ... እንዲያው የመጣልኝ ነው» አለ ባለሙያው። «በዚህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል?»

«ልክ ነዎት፣ አይበቃም። እንግዲህ የቀረው የተሰረቀው ለማን እንደሆነ ማወቅ ነው።» ኢንስፔክተሩ ወደ ማሽኑ ዞረ። «ከውድድር በፊት ጥያቄዎቹ ደርሰውሃል። በማለዳም እዚህ ነበርክ። ለመምህሩ ሞት ካንተ የበለጠ ምክንያት ያለው የለም። ተነስ።»

ልጁ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እኔ የደረሰኝ የልምምድ ጥያቄ ብቻ ነው... ከአንዳንዶቹ ጋር የሚመሳሰል ሲመጣ ዕድል ነው ብዬ...» ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ራሴ ነኝ ያወጣኋቸው አላልከኝም?»

ፖሊሱ የልጁን ክንድ ሲይዝ ባለሙያው ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«ልቀቀው! እሱ አያውቅም! ምንም አያውቅም!»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረ። መምህሩ ደረጃው ላይ ጠብቆት ማስረጃውን አነበበለት። «ተማሪዬ ናት ያገኘችው። ዛሬ ራስህ ተናገር፤ መጀመሪያ ግን ለወንድምህ ንገረው፣ ከሰው አይስማ» አለው። ስልኩን ሊነጥቀው ተናነቁ፤ መምህሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ሲወድቅ ሞቷል?»

ባለሙያው መሬት መሬት አየ። «ይተነፍስ ነበር። ሰው ልጣራ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ታየኝ። ስልኩን አንስቼ ወጣሁ።»

ስልኩ ከሰርቨር ክፍሉ ወለል ሥር፣ በኬብሎች መሃል ተገኘ። ባለሙያው እጁ ታስሮ ሲወሰድ ወንድሙ አጠገብ ቆም አለ፤ ማሽኑ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ሰብሳቢዋ ውድድሩን ሰረዘች። ሰው ሁሉ ሲበተን ሁለቱ ተማሪዎች አዳራሹ ውስጥ ቀሩ፤ አንዷ መምህሯን፣ አንዱ ወንድሙን አጥተው።

«አንቺ አሻራውን በሙሉ አይተሽዋል» አለ ልጁ በመጨረሻ። «አትዋሺኝ። እኔ በራሴ የፈታሁት አለ?»

ልታጽናናው አልሞከረችም። አንድ ኮምፒውተር ጠጋ ብላ፣ ለሁሉም ክፍት ከሆነው የውጤት ገጽ ላይ ያለፈውን ዓመት ከፈተች። ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«ይቺ ጥያቄ አልተሰረቀችም። የወጣችው በውድድሩ ዕለት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ የፈጀብህ እሷ ናት። ደጋግመህ ተሳስተህ ነው ያገኘሃት።»

ልጁ የተሳሳተባቸውን ሙከራዎች አንድ በአንድ አየ። የራሱ ነበሩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።