ከየኔታ በር ጀርባ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ሻሼን አስተካክዬ ወደ ቤቴ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ሙት ተናገረ፣ ጥላ ታየኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፆም አድክሞት ነው እል ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም ጆሮዬ ግን ደህና ነው፣ እመኑኝ፣ ያን ቀንም ደህና ነበር።

ልጄ ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው እንጦጦ ዳገት ላይ ባለችው ደብራችን፣ የኔታ ዘንድ ነው። የኔታ ዓይነ ስውር ስለነበሩ ተማሪውን በድምፁ ነበር የሚለዩት። የእኔ ልጅ ንባቡ መሐል ሲደርስ ትንፋሹ ይቆረጥና ምራቁን ውጦ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፣ እኔ ደጅ ቆሜ ስጠብቀው የኔታ በዘንጋቸው ወለሉን ቆ ቆ እያደረጉ፣ "ቶሎ በል አንተ! እናትህ በር ላይ ደርቃ ቀረች እኮ!" ይሉታል፣ ልጆቹ ይስቃሉ።

ካደገ በኋላ ሥራ አጣ፣ አንድ ማለዳ ከላምበረት ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ባሕር ሊሻገር። ከጠረፍ ደውሎ "እማዬ፣ አታስቢ" አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። የኔታም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

አምና፣ የደብሩ ሟች ካህናትና መምህራን በሚታሰቡበት ቀን፣ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ፣ ቀትር ሆኖ እንኳ ከጉሙ የተነሳ ባሕር ዛፉ አይታይም። የሙታንን ስም የሚጠሩት የንስሐ አባቴ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ የልጅሽንም የክርስትና ስም አብረን እንጥራው?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ልጄ አልሞተም፣ ስሙ ከሙታን ጋር አይጠራም።"

"ይተዉዋት አባ" አሉ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ፣ "እሷ እኮ ይመጣል ብላ የግቢዋን በር ሳትቆልፍ ነው የምታድረው፣ አንድ ቀን ሌባ ነው የሚመጣላት!"

ተናድጄ ሳህን ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። የኔታ ያስተምሩባት የነበረችው ክፍል አሁን የዕቃ ማስቀመጫ ናት፣ ቁልፏ እኔ ጋ ነበር። ስቃረብ ቆ ቆ የሚል ሰማሁ፣ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠብ ጤዛ መሰለኝ። ቀጥሎ የልጅ ድምፅ፣ ንባብ። መሐል ሲደርስ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ከመጀመሪያው ተነሳ። የኔታም፣ በዚያው በድሮው ድምፃቸው፣

"አትቸኩል ልጄ፣ ቀስ በል። አሁን በር ላይ የሚጠብቅህ የለም" አሉት።

"አለሁ!" ብዬ ጮኽኩ፣ "የኔታ፣ እኔ አለሁ፣ እየጠበቅኩት ነው!"

ንባቡ ቀጥ አለ። ቁልፉን አዙሬ ስገባ ሳህኖች፣ ድስቶች፣ ማዕዘን ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የየኔታ አጎዛ፣ ሰው የሚባል የለም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ጭንቀት ነው ይሉኛል ብዬ ነበር፣ እንዲሉኝም ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ለመሆኑ ንባቡን ጨረሰ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አልጨረሰም፣ እኔ አቋረጥኩት" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የግቢዬን በር አሁንም አልቆልፍም፣ ይመጣል ብዬ ይሁን ቁልፉን ማዞር ፈርቼ አላውቀውም። ከሾላ ገበያ ስመለስ ግን ዳገቱን ወጥቼ እዚያች በር ላይ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፣ አለሁ አልልም፣ አላስልም። ድሮ የምለምነው ወደ ቤቱ እንዲመለስልኝ ነበር፣ አሁን ያቋረጥኩበትን እንዲጨርስ ብቻ ነው። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ እለጥፋለሁ፣ የሚሰማኝ የራሴ ልብ ነው።