ሀምሳማ በዛ

ሙስአብ የዒድ ሰሞን ለእናቱ ጋቢ ሊገዛ ሸማ ተራ ገብቶ «ባለሱቅ የለም?» ብሎ ተጣራ።

«አለሁ» አለችው ማሂራ ከባንኮኒው ጀርባ። ቁመቷ ከባንኮኒው እምብዛም አይበልጥም።

ሌላው ሰው ቢሆን ደንገጥ ብሎ ያያታል፤ ቀጥሎ «አይዞሽ» ይላታል። አይዞሽ ሰልችቷታል። ሙስአብ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ዓይን ዓይኗን እያየ ዋጋ ተከራከራት። በማግስቱም መጣ። በየቀኑ ጋቢ የሚገዛ ሰው የለም፤ ነገሩ ገባት።

ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ኒካሕ ሲነሳ እናቱ እትዬ ሐጀራ «እሷንስ እወዳታለሁ፤ የልጆቻችሁ ነገር ነው ያሳሰበኝ» አሉ። ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ።

ዶክተር ሎዛ የማሂራን ምርመራ አስረዳቻቸው። «የአጥንትን እድገት የሚቆጣጠር ጂን አለ። ማሂራ ላይ ከጂኑ ፊደላት አንዷ ተቀይራ እድገቱን ገታችው። ከወላጆቿ አልወረሰችውም፤ ከሷ ነው የጀመረው። የምትወልደው ልጅ ግን የመውረስ ዕድሉ ሀምሳ በመቶ ነው።»

እትዬ ሐጀራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶማሌ ተራ የነገዱ ሴት ናቸው።

«ሀምሳማ በዛ! እስቲ ቀንሺልን ልጄ፣ መጨረሻው ስንት ነው?»

ዶክተሯ ሳቅ አመለጣት። «እትዬ፣ ይሄ አይቀነስም።» ሙስአብም ሳቀ።

ማሂራ አልሳቀችም። ከሐኪም ቤት ወጥተው እትዬ ሐጀራ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲገቡ ሁለቱ ደጅ ቀሩ።

«እናትህ የተከራከሩት እኔን የመሰለ ልጅ እንዳይወለድ ነው» አለችው።

«ክፋት የላትም እኮ፣ ማሂ።»

«አውቃለሁ። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አንተስ? እንደኔ ሆኖ ቢወለድ?»

ሙስአብ ዓይኑን ወደ መስጊዱ በር መለሰ። ማሂራ ሂጃቧን አስተካክላ መሄድ ጀመረች።

«እፈራለሁ» አላት ከኋላዋ።

ቆመች። ሌላው ሁሉ «አላህ ያውቃል» ብሎ ነበር የሚያልፋት።

«ምኑን?»

«ልጁንማ አንቺን እያየሁ ምን ብዬ እፈራዋለሁ? ሰዉን ነው እንጂ። አንቺን እንዳደከመሽ እሱንም ያደክመዋል። እኔ ደግሞ ከዓይናቸው ላስጥለው አልችልም።»

እንባዋ መጣ። ልጁ ገና የለም፤ አባቱ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጨነቅለታል።

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለችው። «እስካሁን ብቻዬን ነው የደከምኩት።»