እናትነሽ ሁለት ጊዜ የሳለችው አሜባ

«እዚህ ላይ ከረጢት አለ፤ እዚህ ላይ የለም» አሉ መምህር በዛብህ፣ የእናትነሽን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይዘው። «የትኛውን ልመን?»

«ሁለቱንም» አለች እናትነሽ አቀርቅራ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ። የእናትነሽ የልብ ጓደኛ ሽታዬም ሳቀች። ጓደኛዋን «ያላየችውን ነው የሳለችው» ብላ መጠርጠር ከጀመረች ሦስት ቀኗ ነው።

ደግሞስ እንዴት አትጠርጥር? በ1956 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ መጣና፣ አሜባ የሚፈለግበትን ውሃ ከዳንግላ ገበያ ዳር፣ የጋሪ ፈረሶች ከሚጠጡበት ገንዳ የቀዳችው እናትነሽ ናት። ስትስልም ወረቀቷን በክንዷ ሸፍና ነበር፤ ለሽታዬ እንኳ አላሳየችም። የሌላው ተማሪ አሜባ ልክ እንደ መጽሐፉ ነው፦ መሀሉ ላይ ኑክለስ፣ በስተቀኝ ክብ የውሃ ከረጢት፣ ወደ ፊት የተዘረጋ ሐሰተኛ እግር። ሽታዬማ ከአሥር አሥር አግኝታ ሥዕሏ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

«ከእረፍት በኋላ እውነቱን ካልነገርሽኝ ዜሮ ነው» ብለው መምህሩ ወጡ። በሳይንስ ዜሮ ይዞ ክፍል ማለፍ ደግሞ የለም።

ሁሉም ሲወጣ ሽታዬ ከእናትነሽ ጋር ቀረች።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አንቺስ አሜባውን አይተሽዋል?»

ሽታዬ በማይክሮስኮፑ ያየችው ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። አልታየኝም ማለት አሳፍሯት ከመጽሐፉ ገለበጠች።

እናትነሽ ከገንዳው ውሃ አንድ ጠብታ ከማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ፣ መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ብርሃን አስገባች። «ነይ። ግን ታገሺ።»

መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀጥሎ እንደ ተደፋ አጥሚት የተዝረከረከ ነገር ከጎኑ እግር እያወጣ ሲሳብ ታየ። ውስጡ ያለችው ክብ ከረጢት ቀስ እያለች አበጠችና ድንገት ጠፋች።

«የት ሄደች?»

«ትርፉን ውሃ ወደ ውጭ ተፋችው። ቆይ፣ ተመልሳ ትመጣለች።»

መጣች።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«መጽሐፉን አልመስል ሲለኝ አፈርኩ።»

ሽታዬ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። ጓደኛዋን ስትጠረጥር ሰንብታ፣ ያላየችውን የሳለችው ራሷ ነበረች።

ደወሉ ተደወለ። ሽታዬ ሥዕሏን ከግድግዳው ላይ አንሥታ በሩ ላይ መምህሩን ጠበቀቻቸው።

«መምህር፣ እኔ የሳልኩት ያላየሁትን ነው። አሥሩ አይገባኝም።» ወረቀቱን ሰጠቻቸውና ከማይክሮስኮፑ ፊት ያለውን ወንበር ሳበችላቸው። «እስቲ እርስዎም አንዴ ይመልከቱ።»