ከመጋረጃው ጀርባ የጠራችኝ

እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ በጃንሆይ ዘመን የነርስ ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ «ጋኔን መርፌ ሲያይ ይሸሻል» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ።

ያኔ ለትምህርታችን አራሶችን በየቤታቸው እየዞርን እናይ ነበር፣ የእኔ ድርሻ መርካቶ፣ ከሸማ ተራ ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። እትዬ አስካለ የሚባሉ አራስ፣ የሸማ ነጋዴ ሚስት ቤት ገብቼ፣ እንደተማርኩት ጋዜጣ አንጥፌ ቦርሳዬን ሳስቀምጥ፣ «ቤቴን ተጠየፍሽው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ሕፃኑን እያጠብኩ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት «እንኮዬ!» አለችኝ።

እንኮዬ ብላ የምትጠራኝ በዚህ ዓለም አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እናቴ፣ እሷ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ካረፈች ከርማለች፣ መርዶው የደረሰኝም ከተቀበረች በኋላ ነው። ሳላስበው «አቤት እማዬ!» አልኩ።

እትዬ አስካለ አማተቡ። «ያላየሽው ሲጠራሽ ባንዴ አቤት አይባልም! ደግሞስ ማን ጠራሽ?»

መጋረጃውን ገለጥኩት፣ ባዶ ግድግዳና የተጣጠፈ ጋቢ ብቻ ነው፣ መጋረጃው ግን ሳልነካው በፊት ይወዛወዝ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሕፃኑ እትብት ደርቆ ከወደቀም ወዲያ ሰበብ እየፈለግኩ እመላለስ ጀመር፣ እጄ ልጁን ያጥባል፣ ጆሮዬ መጋረጃው ላይ ነው። ናፍቆት እንዲህ አንጀት እንደሚያላውስ አላውቅም ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ በስሜ ብትጠራኝ ብዬ ጓጓሁ፣ የሚሰማኝ ግን ከመንገዱ የተሸካሚዎች «ዞር በል!» ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ሌላ ሰፈር ተመደብኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ እትዬ አስካለ ዓይኔን ማየት ፈሩ።

«ትናንት እኔም ሰማኋት» አሉኝ። «እንኮዬ፣ እንኮዬ እያለች ጠራች። አንቺን መሆኑ ገባኝ።»

ይህን ስም ነግሬያቸው አላውቅም። «ምን አሏት?»

«አራስ ነኝ፣ ፈራኋ ልጄ! እዚህ የለችም፣ ሌላ ቦታ ፈልጊያት አልኳት።»

«እሷስ?»

«እሺ ብላ ሄደች።»

ይኸው አረጀሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ገብቼ ስንት ልጅ አጠብኩ መሰላችሁ፣ እናቴ ግን እስካሁን ትፈልገኝ እንደሆነ፣ ወይስ ደክሟት ትታኝ እንደሆነ፣ አላውቅም።